የመኪና ነዳጅ መለኪያ ሲሳሳት በጥቂት ወጪ ስለሚታደስበት መንገድ

ለዞንና ለወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ኀላፊዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙ ጊዜ እርሻም የራሱ ሚኒስትር ተሾመለት። አውቶሞቢልም ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባው በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ የእርሻ ሥራና የመኪና ጉዞ እየተሳሰሩ ሄደው፣ ዛሬ ምርጥ ዘር ከመጋዘን ወደ ገበሬው፣ ክትባትም ከማቀዝቀዣው ወደ ከብቱ የሚደርሰው በመኪና ነው። ይሁን እንጂ በየጽሕፈት ቤቱ ከሚያገለግሉት መኪኖች መካከል ብዙ ዘመን የሠሩ አሉ፤ ባረጀ መኪና ላይም ቶሎ ከሚደክሙት ዕቃዎች አንዱ የነዳጅ መለኪያው ነው።

የነዳጅ መለኪያ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ጥፋቱ ግን ትንሽ አይደለም። መርፌዋ ግማሽ ላይ ቆማ ሳለ ታንኩ ባዶ ይሆንና መኪናው ከመንደር በራቀ ስፍራ ይቆማል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ የሚገባው የከብት ክትባት በረዶው እየቀለጠበት ይውላል፤ ከብቱን ከሩቅ ነድቶ የመጣውም ገበሬ ቀኑን ሙሉ ጠብቆ እንዲሁ ይመለሳል። በሌላ ቀን ሲጠራ ለመምጣት ልቡ ያመነታል። በሊትር የሚቈጠር ነዳጅ በመጥፋቱ ምክንያት በገንዘብ የማይገዛ አመኔታ ጠፋ ማለት ነው።

ከዚህም የሚከፋ ሌላ ጥፋት አለ። ነጂው 40 ሊትር ነዳጅ ቀድቶ ይመለሳል፤ መርፌዋ ግን ከሩብ አታልፍም። ሒሳብ ያዡ ደረሰኙንም መርፌዋንም አይቶ የቀረው ነዳጅ የት ደረሰ ብሎ ይጠይቃል። ነጂው እውነቱን ቢናገርም የሚያስረዳበት ነገር የለውም። የተበላሸ መለኪያ የሐሰት ምስክር ነውና በርሱ ቃል ሰው ይታማል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቀጣል። በሌላው ወገን ደግሞ በእውነት ነዳጅ የሚሰርቅ ሰው ቢኖር መለኪያው ተበላሽቷል በሚለው ምክንያት ተሸሽጎ ይኖራል። እንግዲህ መለኪያውን ማሳደስ ለመንግሥት ገንዘብም ለሰው ስምም ጥበቃ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል፣ ሰውንም ከመክሰስ አስቀድሞ ከመለኪያው ክፍሎች የሚዋሸው የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። ይህ ተለይቶ ከታወቀ ዕድሳቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ወጪ ይፈጸማል፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ወጪ።

1ኛ፤ መለኪያው እንዴት እንደሚሠራ

በመጀመሪያው ዘመን መኪና የነዳጅ መለኪያ አልነበረውም። የፎርድ ሞዴል ቲ ነጂ ወንበሩን አንሥቶ፣ ከሥሩ ያለውን ታንክ ከፍቶ፣ እንጨት አስገብቶ ርጥበቱ የደረሰበትን ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1931 የተሠራው ሞዴል ኤ ታንኩ ከነጂው ፊት ስለ ነበረ፣ ተንሳፋፊው ራሱ ከፍና ዝቅ እያለ የነዳጁን ልክ በሰሌዳው ላይ በምትገኝ ትንሽ መስኮት ያሳይ ነበር። በኢትዮጵያም በሰፊው የታወቀችው ትንሿ ቮልስዋገን እስከ 1960ዎቹ መግቢያ ድረስ ያለ መለኪያ ትሠራ ነበር፤ ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ነጂው የመጠባበቂያውን ቧንቧ ይከፍት ነበር። ከዚያ በኋላ በገመድ የሚንቀሳቀስ መለኪያ ተደረገላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን መለኪያዋ በኤሌክትሪክ ሆነ።

ዛሬ በሥራ ላይ የሚገኙት አሮጌ መኪኖች መለኪያቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን ክፍሉ ሁለት ነው። አንደኛው በታንኩ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ የነዳጁን ልክ የሚናገር እርሱ ስለ ሆነ በዚህ ትምህርት ነጋሪ ይባላል። ሁለተኛው በነጂው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ መርፌ ያለው ነው፤ እርሱም ጠቋሚ ይባላል። በጋራዥ ሁለቱንም በአንድ ስም ጌጅ ማለት የተለመደ ስለ ሆነ፣ ዕቃ ሲታዘዝ አንዱ በሌላው ፈንታ እንዳይገዛ የትኛው እንደሚፈለግ ለይቶ መጻፍ ያሻል።

ነጋሪው የተሠራው እንዲህ ነው። አንድ ተንሳፋፊ ከቀጭን የብረት ክንድ ጫፍ ላይ ታስሯል። ነዳጁ ሲሞላ ተንሳፋፊው ይወጣል፤ ሲጐድል ይወርዳል። ክንዱ በሌላው ጫፉ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ያንቀሳቅሳል፤ ይህችም ምላስ ኤሌክትሪክን በሚያዘገይ ሽቦ ወይም ገጽ ላይ ትንሸራተታለች። ይህ ኤሌክትሪክን የማዘግየት ነገር ሬዚስታንስ ይባላል፤ የሚለካውም በኦም ነው። ምላሷ ወዲያና ወዲህ ስትሄድ ኦሙ ይበዛል ወይም ያንሳል፤ ወደ ጠቋሚው የሚያልፈው ኤሌክትሪክም እንደዚያው ይለዋወጣል፤ መርፌዋም ትንቀሳቀሳለች። ነጋሪው አንድ ሽቦ ወደ ጠቋሚው ይልካል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በራሱ አካል ወይም በሌላ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኛል፤ ይህም ማሳ የሚባለው ነው።

ከዚህ እንደሚታየው መለኪያው እውነት እንዲናገር ስድስት ነገሮች ደኅና መሆን አለባቸው፤ እነርሱም ፊውዙ፣ ጠቋሚው፣ ሽቦው፣ ማሳው፣ ነጋሪውና ተንሳፋፊው ናቸው። ነጋሪው ከስድስቱ አንዱ ብቻ ስለ ሆነ ሳይመረመር አዲስ ነጋሪ መግዛት በከንቱ ገንዘብ መጣል ሊሆን ይችላል።

2ኛ፤ ከምልክቱ ስሕተቱን ስለ መገመት

መርፌዋ ምንም ያህል ነዳጅ ቢቀዳ ከአንደኛው ጫፍ የማትንቀሳቀስ ከሆነ፣ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይም ከመኪናው ብረት ጋር ተነካክቷል፣ ወይም ማሳው ዝጓል፣ ወይም ነጋሪው ሞቷል።

መርፌዋ በአንድ ስፍራ ላይ ብቻ የምትዘልና የምትወድቅ፣ በሌላው ስፍራ ግን ደኅና የምትሄድ ከሆነ፣ ምላሷ የምትንሸራተትበት ገጽ በዚያ ቦታ ተበልቷል ማለት ነው። መኪና ዘወትር በግማሽና ከግማሽ በታች በሆነ ነዳጅ ሲነዳ በዚያ አካባቢ ያለው ገጽ ይበልጥ ይበላል።

መርፌዋ ባዶ ላይ ተኝታ ሳለ በምርመራ ጊዜ ነጋሪው ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ ተንሳፋፊው ተበስቶ ነዳጅ ጠጥቶ ሰጥሟል።

መርፌዋ ከአንድ ልክ በታች አልወርድም ወይም ከአንድ ልክ በላይ አልወጣም የምትል ከሆነ፣ ክንዱ ተጣሟል ወይም ከታንኩ ግድግዳ ጋር ይጋጫል። በድንጋያማ መንገድ የሚሄድ መኪና ከታች በድንጋይ ተመትቶ ታንኩ ወደ ውስጥ ቢገባ ይህ ነገር ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ከመኪናው ሥር ጐንበስ ብሎ ማየት ብቻ ምክንያቱን ይገልጻል።

የነዳጁ መርፌና የሙቀቱ መርፌ በአንድ ጊዜ አብረው ከተሳሳቱ ግን ጥፋቱ በታንኩ ውስጥ አይደለም። እንደ ኋለኞቹ አሮጌ ላንድ ሮቨሮች ባሉት መኪኖች ሁለቱ ጠቋሚዎች ኤሌክትሪካቸውን የሚቀበሉት ከሰሌዳው ጀርባ ካለች ኀይሉን ከምታመጥን አንዲት ትንሽ ዕቃ ነው። መለወጥ ያለባት እርስዋ ናት፤ ታንክ መክፈት አያስፈልግም።

3ኛ፤ ታንኩ ሳይከፈት ስለሚደረግ ምርመራ

ምርመራው ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ይጀመራል። በመጀመሪያ ፊውዙ ይታያል። ቀጥሎ የነጋሪው ሽቦ የሚያያዝበት ስፍራ ይፈለጋል። በቮልስዋገን ታንኩ ከፊት ክዳን ሥር ስለ ሆነ ነጋሪው ከላዩ ይገኛል። በአሮጌው ላንድ ሮቨር የፊት ወንበሩ ትራስ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው የብረት ክዳን ሲከፈት ይታያል። በሌሎች መኪኖች ከኋላ ወንበር ወይም ከምንጣፍ ሥር ትንሽ መክፈቻ መኖሩን ማየት ይገባል፤ መክፈቻ የሌለው መኪና ታንኩ መውረድ ስላለበት ድካሙ ይበዛል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ለእንዲህ ያለው መኪና ይልቁንም ይጠቅማል።

ሽቦው ከነጋሪው ይነቀልና ቁልፉ ይከፈታል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። መርፌዋ ወደ አንደኛው ጫፍ ትሄዳለች። ከዚያ የተነቀለው ሽቦ ከ3 እስከ 4 ዋት ባላት ትንሽ የመኪና አምፖል በኩል ከመኪናው ንጹሕ ብረት ጋር ይገናኛል። አምፖሏ የምትገባው ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ አልፎ ጠቋሚውን እንዳያቃጥለው ነው። መርፌዋ በዚህ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ማምራት አለባት። የብዙ ጠቋሚዎች መርፌ በሙቀት የምትንቀሳቀስ ስለ ሆነች ዝግ ብላ ትሄዳለች፤ ስለዚህ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል።

መርፌዋ ወደ ሁለቱ ወገን ከተንቀሳቀሰች ጠቋሚውና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ በነጋሪው ወይም በማሳው ነው። ካልተንቀሳቀሰች ግን ጥፋቱ ከሽቦው ወይም ከሰሌዳው ዘንድ ስለ ሆነ ታንኩን መክፈት ከንቱ ድካም ነው።

ጠቋሚውና ሽቦው ደኅና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ ነጋሪውን ከማውጣት በፊት ማሳው ይመረመራል። ሽቦው ወደ ቦታው ተመልሶ፣ በሌላ አንድ ሽቦ የነጋሪው ክዳን ብረት ከመኪናው ንጹሕ ብረት ጋር ይገናኛል። መርፌዋ በዚህ ብቻ ትክክለኛውን ልክ ካሳየች የታመመው ማሳው ነው። የዛገው ስፍራ ተፍቆ፣ ሽቦው እንደ ገና በቡሎን ሲጠብቅ ሥራው ተፈጸመ። ይህ ዕድሳት የሚያስወጣው ዋጋ ጥቂት የብርጭቆ ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚደረገው ታንኩ ተዘግቶ ሳለ ነው። ሽቦ ሲነካካ ብልጭታ ሊወጣ ስለሚችል፣ ነዳጅ የሚሸት ወይም የሚያፈስ መኪና ሲሆን አስቀድሞ ፍሳሹ ይዘጋል፤ ሽታውም እስኪጠፋ ይጠበቃል።

4ኛ፤ ታንክ ከመክፈት በፊት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ሰውን የሚያቃጥለው ፈሳሹ ቤንዚን ብቻ ሳይሆን በዐይን የማይታየው ተን ጭምር ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ በኖ በመጥፋት ፈንታ በመሬት ላይ ተንፏቆ ወደ ጕድጓድና ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይሰበሰባል። ከመኪናው ብዙ እርምጃ ርቆ ያለ የከሰል ምድጃ እንኳ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ባዶ የሆነ ታንክም ተን ስለሚሞላው ከሙሉው ታንክ ይልቅ የሚያሰጋ ነው።

ስለዚህ ሥራው በደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይደረጋል፤ በመካኒክ ጕድጓድ ላይ ወይም በተዘጋ ቤት ውስጥ አይደረግም። የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ይፈታል። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ ኩራዝና ምድጃ ይርቃሉ። አሸዋ የሞላ ባልዲ በአጠገብ ይቀመጣል። ነዳጁ ታንኩ ሩብ እስኪሆን ድረስ አስቀድሞ በሥራ ቢያልቅ መልካም ነው፤ መቅዳት ካስፈለገም ክዳን ባለው ዕቃ ተቀድቶ ከሥራው ስፍራ ይርቃል። በአፍ መሳብ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ቤንዚን ሰውን ሊገድል ይችላልና። ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ የማይተን ቢሆንም ጥንቃቄው አይቀርለትም። ታንኩ ከተቀደደ ደግሞ ይህን ሥራ ለለመደ ባለሙያ ይሰጣል እንጂ በጽሕፈት ቤት ግቢ አይበየድም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የሚገባው ለዚህ ሥራ ነው።

5ኛ፤ ነጋሪውን ስለ ማውጣትና ስለ ማደስ

በነጋሪው ዙሪያ ያለው አቧራና ጭቃ በብሩሽ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ይህ ካልተደረገ አፈሩ ወደ ታንኩ ገብቶ የነዳጁን ማጣሪያ ይዘጋል። በቮልስዋገን ነጋሪው በአምስት ብሎኖች ይታሰራል፤ ቀዳዳዎቹ በአንድ ወገን ብቻ የሚገጥሙ ስለ ሆኑ ተገልብጦ መግባት አይችልም። በሌሎች ግን በየት በኩል እንደ ነበረ በእርሳስ ምልክት ይደረጋል። ክንዱ እንዳይጣመም ነጋሪው ዘንበል ተደርጎ በዝግታ ይወጣል። የታንኩም አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል።

ቤንዚን በግፊት ወደ ሞተሩ በሚገባባቸው መኪኖች ነጋሪው ከነዳጅ ፖምፓው ጋር በአንድ አካል ላይ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሲፈታ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት አስቀድሞ መለቀቅ ስላለበት ሥራው ለመካኒክ ይሰጣል። ሆኖም ኀላፊው አንድ ነገር ይወቅ፤ በብዙዎቹ ዘንድ ነጋሪው ከፖምፓው ተለይቶ ሊወጣ ይችላል። ለጥቂት ሽቦ ሲባል ፖምፓው ሁሉ ይገዛ የሚል ሒሳብ ሲቀርብ ነጋሪው ለብቻው ይፈታ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

የወጣው ነጋሪ ነዳጁ እስኪደርቅ በነፋስ ይቀመጥና በቴስተር ይለካል። የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ከሽቦው መያዣ፣ ሌላው ከነጋሪው ማሳ ይያያዛል። ክንዱ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ቁጥሩ ሳይቋረጥ መውጣት ወይም መውረድ አለበት። በመካከሉ ቁጥሩ ከጠፋ ወይም ከዘለለ የተበላው ስፍራ እዚያ ነው።

ጥፋቱ ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ገጹ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ጠፍጣፋ ገጽ ያለው በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተብሎ ቢታሽ ይበቃዋል። የብርጭቆ ወረቀት ግን አይነካውም፤ ሽቦው ከክር የቀጠነ ስለ ሆነ ይበጠሳልና። ምላሷ ላልታ ከሆነ በጣት በጥቂቱ ተጫን ብላ ከገጹ ጋር እንድትነካካ ይደረጋል። ገጹ በአንድ መስመር ተበልቶ እንደ ሆነም፣ ምላሷን በጥቂቱ ወደ ጐን በማጠፍ ባልተበላው መስመር እንድትሄድ ማድረግ ይቻላል። ይህ አሠራር ዕቃው እስኪገኝ ድረስ ጊዜ ይሰጣል።

ተንሳፋፊው ሲነቀነቅ በውስጡ ፈሳሽ የሚሰማ ከሆነ ተበስቷል። ቀዳዳው የማይታይ ሲሆን በሌላ ስፍራ ሞቆ በመጣ ውኃ ውስጥ ይጠለቃል፤ አረፋ ከወጣበት ቀዳዳው እዚያ ነው። ከናስ የተሠራ ተንሳፋፊ በስታኞ ሊደፈን ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ የነዳጅ ሽታ ያልጠፋለት ተንሳፋፊ ፈጽሞ እሳት አይቀርበውም። ልኩ የተካከለ ሌላ ተንሳፋፊ ከወደቀ መኪና አውጥቶ መተካት ከሁሉ የሚሻል፣ የሚረክስም መንገድ ነው።

6ኛ፤ ሌላ ነጋሪ መግዛት ሲያስፈልግ

ነጋሪው የማይታደስ ሆኖ ሲገኝ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው አዲሱን የፋብሪካ ዕቃ መግዛት ነው፤ ይህ ደኅና ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ይከብዳል፤ ለአሮጌም መኪና ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው እንደ አዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ባለ የመኪና ዕቃ ገበያ ያገለገለ መግዛት ነው። ሦስተኛው ለብዙ ዐይነት መኪና እንዲሆን ተደርጎ የተሠራውን፣ ክንዱ የሚረዝምና የሚያጥረውን ነጋሪ መግዛት ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ የሚሄድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ዋና ነገር አለ። ነጋሪዎች ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ባዶና ሙሉ ሲሆኑ የሚሰጡት ኦም እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ከታወቁት ዐይነቶች አንዳንዶቹ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፈዋል፤

ብዙዎቹ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ቶዮታ ፒክአፖች፤ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ያህል፣ ሙሉ ሲሆን 3 ኦም ያህል።

ቮልስዋገን በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ እንዲሁም አሮጌው ፎርድ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ፤ ባዶ ሲሆን 73 ኦም ያህል፣ ሙሉ ሲሆን 10 ኦም ያህል።

የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1965 በኋላ ባለው አሮጌ አሠራር፤ ባዶ ሲሆን 0፣ ሙሉ ሲሆን 90 ኦም።

የአውሮፓው ቪዲኦ የተለመደው ዐይነት፤ ባዶ ሲሆን 10 ኦም ያህል፣ ሙሉ ሲሆን 180 ኦም ያህል።

ለብዙ መኪና የሚሆነው የአሜሪካ ዐይነት፤ ባዶ ሲሆን 240 ኦም ያህል፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ያህል።

ከዚህ እንደሚታየው በአንዳንዶቹ ኦሙ የሚበዛው ታንኩ ባዶ ሲሆን ነው፤ በሌሎቹ ደግሞ ሙሉ ሲሆን ነው። የጄኔራል ሞተርስ ነጋሪ በቶዮታ ጠቋሚ ላይ ቢገጠም መርፌዋ ሲሞላ ባዶ፣ ሲጐድል ሙሉ ትላለች። ወገኑ አንድ ሆኖ ቁጥሩ የማይቀራረብ ቢሆንም መርፌዋ አትታመንም። ስለዚህ ከአሮጌው ነጋሪ ላይ ቢቻል ሁለቱ ቁጥሮች ተለክተው በወረቀት ይጻፋሉ፤ ካልተቻለም ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይወሰዳሉ። ወደ ገበያ የሚላከው ሰው አሮጌውን ነጋሪ፣ ወረቀቱንና ቴስተሩን ይዞ ይሄዳል፤ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም ክንዱን ከዳር እስከ ዳር እያንቀሳቀሰ በሻጩ ፊት ይለካል። ያገለገለ ዕቃ ውስጡ የማይታይ ስለ ሆነ ከዋጋው ርካሽነት ይልቅ የቴስተሩ ቃል ይሰማል።

ክንዱ የሚስተካከለው ዐይነት ከተገዛ ልኩ እንዲህ ይወጣል። ታንኩ 24 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው የክንዱ መዞሪያ በግማሹ፣ ማለት በ12 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የተንሳፋፊው ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ተንሳፋፊው ከላይ እስከ ታች የሚሄደው 20 ሴንቲ ሜትር ነው። ክንዱ በጠቅላላ 90 ዲግሪ የሚዞር ሲሆን ርዝመቱ ከዚህ መንገድ ከ10 እጅ 7 እጅ፣ ማለት 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረጋል። ክንዱ ከዚህ ቢረዝም ከታንኩ ግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ቢያጥር ደግሞ የታችኛውን ነዳጅ አያይም።

7ኛ፤ መልሶ ስለ መግጠምና ልኩን ስለ ማውጣት

ነጋሪው ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረግለታል። ጓርኒሲዮኑ ነዳጅ የሚችል መሆን አለበት። ካላማዳሪያ ቈርጦ ማግባት የተለመደ ቢሆንም ቤንዚን ጐማውን ያሳብጠዋል፤ ቈይቶም ያፈሳል። ተራ ሲሊኮንም እንዲሁ በቤንዚን ይለሰልሳል። ብሎኖቹ በተቃራኒ እየተፈራረቁ በልክ ይጠብቃሉ። ባትሪው የሚያያዘው የታንኩ አፍ ተዘግቶ፣ የፈሰሰው ተጠርጎ፣ ሽታውም ከጠፋ በኋላ ነው።

ሥራው በዚህ አያበቃም። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ነዳጁ 5 ሊትር በ5 ሊትር ይጨመራል፤ በየጊዜው ቁልፉ ተከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠበቅና መርፌዋ የቆመችበት ይጻፋል። የታንክ ቅርፅ ከላይና ከታች እኩል ስላልሆነ፣ የመርፌዋ ግማሽ የነዳጁ ግማሽ ነው ብሎ ማመን አይገባም። በዚህ መንገድ የተጻፈው ካርድ ከሰሌዳው አጠገብ ይለጠፋል፤ ሌላው ቅጂ በመኪናው ፋይል ይቀመጣል። መርፌዋ ጥቂት ብትሳሳት እንኳ ስሕተቷ በሊትር የታወቀ ስለ ሆነ አትጐዳም። የታወቀ ስሕተት ካልታወቀ እውነት ይልቅ ለጉዞ ይበጃል።

8ኛ፤ ኀላፊው ስለሚይዘው መዝገብ

መለኪያው እስኪታደስም ሆነ ከታደሰ በኋላ መርፌዋን ብቻ ማመን አይገባም። ከመርፌ የሚበልጥ ምስክር አለ፤ እርሱም ከሙሉ እስከ ሙሉ የሚደረግ ሒሳብ ነው። ታንኩ እስከ አፉ ይሞላና የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ይጻፋል። መኪናው ሠርቶ ሲመለስ እንደ ገና እስከ አፉ ይሞላና የገባው ሊትርና የተሄደው ኪሎ ሜትር ይመዘገባል። 320 ኪሎ ሜትር ሄዶ 40 ሊትር ከገባ፣ መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር 12.5 ሊትር ይፈጃል ማለት ነው። እንግዲህ ደርሶ መልስ 180 ኪሎ ሜትር ለሆነ ጉዞ 22.5 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ለጭቃና ለዳገት ደግሞ መጠባበቂያ ይጨመርለታል። የኪሎ ሜትሩ ቈጣሪ የማይሠራ ከሆነ እርሱም አብሮ ይታደስ።

ይህ ሒሳብ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ተደርጎ ቁጥሩ ከተቀራረበ የመኪናው ልማድ ታወቀ። ከዚያ በኋላ በድንገት 12.5 የነበረው 18 ቢሆን ኀላፊው መጠየቅ ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ የሚጠየቀው መኪናው ነው። ታንኩና ቧንቧው ያፈስ እንደ ሆነ፣ ጐማው ነፍሶ፣ ማጣሪያው ታፍኖ፣ ወይም ፍሬኑ ተይዞ እንደ ሆነ ይታያል፤ መንገዱና ጭነቱም ይመረመራል። ይህ ሁሉ ታይቶ ምክንያት ሲጠፋ ብቻ ነገሩ ወደ ሰው ይዞራል። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ንጹሑን ሰው በመርፌ ቃል አይቀጣም፤ በዳዩንም በመርፌ ስሕተት አያስመልጥም።

ማጠቃለያ

የተባለው ሁሉ በአጭሩ ይህ ነው። ፊውዙ ይታይ፤ ሽቦው በአምፖል ይፈተን፤ ማሳው ይፈቅ፤ ነጋሪው ወጥቶ ይለካ፤ ቢጸዳ የሚድን ከሆነ ይጸዳ፤ ካልዳነ ኦሙ ተመሳሳይ የሆነ ያገለገለ ዕቃ በቴስተር ተፈትኖ ይገዛ፤ ከተገጠመም በኋላ ልኩ በሊትር ይጻፍ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቪቴ፣ ቁልፍ፣ ቴስተርና አንዲት ትንሽ አምፖል ነው። ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ በግቢው የሚያሠራ ኀላፊ፣ ክትባቱ በጊዜው እንዲደርስ፣ ዘሩ ዝናም ሳይቀድመው እንዲታደል፣ ነጂውም ያለ ሐሜት እንዲሠራ ያደርጋል። ገበሬው መለኪያው መታደሱን ላያውቅ ይችላል፤ መኪናው በተባለው ቀን መምጣቱን ግን ያውቃል።